ጓሳ፦ ሣሩን የሚያጭደው ሰው ሲጠብቀው

መንዝ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ብርዱ ነው። ከዚያ ባናው፣ በጉ፣ ገብሱ። ጓሳን ግን ብዙ የከተማ ሰው የሚያውቀው ቢበዛ በፎቶ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ገደል አፋፍ ላይ ተኮልኩለው፣ ከኋላቸው ጉም። ፎቶው ያምራል። ያ ሣር እስከ ዛሬ እንዴት እንደቆየ ግን አይናገርም። የአካባቢው ሰው ለመቶዎች ዓመታት በተራ እየወጣ፣ ያለ ደሞዝ፣ በዚያ ብርድ ጠብቆታል።

እዚህ የማየው ያንን ጥበቃ ነው። እንዴት ይሠራ ነበር? ምን ሰበረው? ምን ተካው? አሁንስ በምን ላይ ቆሟል? የእኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። ስለ ጓሳ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው መዘጋቱን ነው። እኔ ደግሞ ትልቁ ብልሃት አከፋፈቱ ላይ ነበር እላለሁ።

ቦታው

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ የደሴን መንገድ ትታችሁ ወደ መንዝ ትታጠፋላችሁ። በቅርብ ያለው ከተማ መሃል ሜዳ ነው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ተነስቶ እስከ 3,700 ይደርሳል። እንጦጦ ላይ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ እንግዲህ አስቡት።

በምሥራቅ በኩል መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል። በዚያ በኩል የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል ያለው ወንዝ ከወንዝ እየተቀበለው ዓባይ ይገባል። በአንድ ቀን የዘነበ ዝናብ፣ ገሚሱ አፋር በረሃ፣ ገሚሱ ግብፅ። ከታች ያለው ገበሬ ምንጩ በበጋ ሳይደርቅ ሲቀር ምስጋናው ለዚህ ደጋ ነው።

ውሃውን የሚይዘው ሣሩ ነው። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፣ የቦታውም። እንደ ጎፈሬ እየተጎፈረ በየቦታው ለብቻው ይቆማል። ቅጠሉ ረጅምና ጠንካራ ነው፤ በባዶ እጅ ልንቀልህ ቢሉት እጅ ይቆርጣል። በበጋ ላዩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ሥሩን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ሌላ ነገር ነው። የሞተው የአምና ቅጠል ሳይወድቅ አፈሩን አልብሶታል፤ አፈሩ ጥቁርና እርጥብ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጠብታው መሬቱን በቀጥታ አይመታም። ሣሩ ላይ አርፎ፣ በቅጠሉ ተንሸራቶ፣ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ጉምም ሲያልፍ ቅጠሉ ላይ እርጥበት ትቶ ያልፋል። ከሥር ደግሞ ፍልፈሎች ቀን ከሌት ይቆፍራሉ፤ ጉድጓዳቸው ውሃን ወደ ውስጥ ያስገባል። ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ጨፌው አለ፣ የተረፈውን እዚያ ይዞ ለበጋ ያቆየዋል።

ሣሩ ከሌለ ይህ ሁሉ የለም። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ ወንዝ። ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አጠገቡ ያለውን የታረሰ ዳገት ማየት ይበቃል።

ለመንዜው ግን ጓሳ መጀመሪያ ዕቃ ነው። ቤት ይከደንበታል። ገመድ ይገመድበታል። ከዝናብ የሚከልል ገሳ ይሠራበታል፣ ጅራፍም መጥረጊያም ይሆናል። ለመኝታ ይነጠፋል። ለገበያ ይወጣል። ከዚያ ሌላ ጨረንፌ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፤ ዛፍ በማይበቅልበት ብርድ ዋናው ማገዶ ከኩበት ቀጥሎ እሱ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከብቱ የሚያመልጠው እዚህ ነው። ውርጭ ገብሱን የበላበት ዓመት የደሃ ቤት ሣር አጭዶ፣ ሸጦ፣ እህል ገዝቶ ይከርማል። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቄሮ

ጥበቃው ቄሮ ይባል ነበር። የዚህን ዘመን ፖለቲካ የለመደ አንባቢ ሌላ ነገር እንዳይመስለው፤ ይሄኛው የመንዝ ነው፣ ከተጀመረም ወደ 400 ዓመት ይጠጋል።

መነሻው አስቦና ጌራ ከሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጋር ይያያዛል። ጓሳን ለልጅ ልጆቻቸው የግጦሽና የሣር ቦታ አድርገው የከለሉት እነሱ ናቸው ይባላል። ወሰኑ በፈረስ ግልቢያ ተለካ የሚል ትረካም አለ። እውነትም ይሁን ማሳመሪያ፣ ውጤቱ ግልጽ ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ የሚወለድ ሰው በአጽመ ርስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የመሬት ይዞታ፣ መብት አለው፤ የማይወለድ የለውም።

ሁለቱም ወገን የየራሱን የጥበቃ አለቃ፣ አባ ቄራ፣ ይመርጥ ነበር። አባ ቄራ የሚመረጠው ተጠቃሚው በተሰበሰበበት፣ በስምምነት ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል። ጓሳ መቼ ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ማን በየትኛው ቀን ይጠብቅ፣ ያጠፋ ምን ይቀጣ የሚለውን ይወስናል። ከሥሩ የየአጥቢያው ሰዎች አሉ። አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ተራው ሲደርስ ወጥቶ ይጠብቃል። አልወጣም ማለት አይቻልም። በተዘጋ ጊዜ ሲያጭድ ወይም ሲያግጥ የተያዘ ደግሞ ወዮለት። የሣር ክዳን ቤቱ እስከ መቃጠል የደረሰበት ሰው እንደነበር ይነገራል። የጓሳ ሣር የሰረቀ በጓሳ ሣር የተከደነ ቤቱን ያጣል። ጭካኔ ነው፣ አልክደውም።

መዘጋቱ አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል። የሚወስነው የሣሩ ቁመት ነው። አባ ቄራው ሰዎች ልኮ ያስያል። ሣሩ ደርሷል ከተባለ፣ በበጋው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይከፈታል። የሚከፈትበት ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ገበያ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነገራል። ተደብቆ የሚከፈት ነገር የለም። አንዱ ቀድሞ ሰምቶ ሌላው ሲዘገይ ጠብ ይነሳልና።

ሲከፈት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ማጭድ ይገባል። ሰው ሣሩን ያጭዳል፣ ያስራል፣ በአህያና በትከሻ ያወጣል። አጫጁ ከብት ሳይገባበት ደህናውን ረጅሙን ሣር ያገኛል፤ ለክዳንም ለገመድም የሚሆነው ያ ነው። ከዚያ ከብቱ ይገባል፣ የቀረውን ይግጣል። ዝናብ ሲጀምር ሁሉም ይወጣል። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 5 ነው፤ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት። ከዚያ ወዲያ የተገኘ ጥፋተኛ ነው።

ሐምሌ 5 መመረጡ ዝም ብሎ አይደለም። ማንም ሰው «ቀኑን አላወቅኩም» ብሎ ሊምል አይችልም። ጾም የሚፈታበትን ቀን የማያውቅ መንዜ ከየት ይመጣል? ደግሞ ክረምቱ ሲገባ መሬቱ ይረሰርሳል፤ ከብት ከረገጠው ሣሩን ከነሥሩ ጭቃ ውስጥ ይቀብረዋል። የሣሩ ማገገሚያም ያው ክረምቱ ነው። ሃይማኖቱና የመሬቱ ጠባይ እዚያ ቀን ላይ ገጥመዋል።

አሁን ወደ አቋሜ። በየዓመቱ በአገራችን የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አለ። በጥር ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይሠራል፣ ዳገቱ ከሰውና ከከብት ንክኪ ይከለላል። ጉልበቱ ነጻ ነው። ሥራው ብዙ ቦታ ውጤት አምጥቷል፤ ትግራይ ውስጥ ያለው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር በእንዲህ ዓይነት ሥራ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሷል። ግን ሌላው ጋ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። የተከለለው ዳገት ሣር ያበቅላል። ከዚያ ማን ይጨደው? መቼ? ለማን? መልስ የለም። ለገበሬው ላም አለኝ በሰማይ ይሆንበታል። በሦስተኛው ዓመት አንድ ሌሊት ከብት ይገባል፣ በአራተኛው በቀን ይገባል።

ጓሳ ላይ ከመዘጋቱ በፊት አከፋፈቱ ይታወቃል። በብርድ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ማጭዱን ይዞ የሚገባበትን ቀን ያስባል። ጎረቤቱን አስቀርቶ ብቻውን እንደማይገባም ያውቃል፤ ጎረቤቱም እንደዚያው። ያንን ጥበቃ በጎ ፈቃድ ልንለው እንችላለን፤ ደሞዝ የለውምና። የሚበላ ነገር ግን ነበረው።

የተሰበረበት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። መሬት የሕዝብ ሆነ። አጽመ ርስት ቀረ። አጽመ ርስት ሲቀር የአስቦና የጌራ ልጅ መሆን ትርጉም አጣ፤ አባ ቄራውም የሚቆምበት መሬት ከእግሩ ሥር ተነሳ። ቄሮ በዚህ አበቃ።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ያለቅሳል። እኔ ግማሽ በግማሽ ነኝ። ቄሮ ሣሩን ጠብቋል፣ እውነት ነው። ግን ከአቅኚዎቹ የማይወለደውን ሰው ደጅ ላይ አቁሞ ነው። ጓሳ ሥር ተወልዶ፣ ጓሳ ሥር አርጅቶ፣ አንዲት እስር ሣር በመብቱ ያላገኘ ሰው ነበር። አዋጁ ለእሱ በር ከፍቶለታል። ይህን ሳይናገሩ «ድሮ ቀረ» ማለት ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

ችግሩ ሌላ ነው። በሩ ሲከፈት ቁልፍ ያዡም አብሮ ሄደ። ሁሉም መብት አገኘ፤ ማንም ግን ጠባቂ አልሆነም። ጨረንፌው ከሥሩ ተነቀለ፣ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ጠርዝ ጠርዙ እየታረሰ ገባ። የመንዝ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጅ ብዙ ነው። ክፉ ሰው መሆን አይጠይቅም።

መንዞች ግን ዝም ብለው አላዩም፤ ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃውም ይኸው ነው። ቄሮ በፈረሰ ማግስት በአዲሱ ሥርዓት ቋንቋ የድሮውን ሥራ ለመሥራት ሞከሩ። ጓሳን የሚጠቀሙ ስምንት የገበሬ ማኅበራት ተወካይ ሰጥተው የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ አቋቋሙ። በስሙ ላይ አስቦም ጌራም የለም። ውስጡን ሲያዩት ግን የድሮው ሽማግሌ ቁጭ ብሏል። መዝጋትና መክፈት ቀጠለ። ቅጣቱ በገንዘብ ሆነ። ቤት ማቃጠል ቀረ፤ እሰየው። ድሮ የማይጠጋውም አሁን የማኅበሩ አባል ስለሆነ ያጭዳል።

ጉልበቱ ግን እንደ ቄሮ አልነበረም። አባ ቄራ ሲቀጣ የሚያየው ዘመድ አዝማዱን ነው፤ ከኋላው ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቃሉም የመጨረሻ ነው። ኮሚቴ ሲቀጣ ተቀጪው ወረዳ ሄዶ ይከሳል። ካድሬው ያውቀዋል፣ ወይ አጎቱ ነው፣ ጉዳዩ ይጓተታል። በዚህ መሃል ሣሩ ያልቃል። ፍትሐዊው ሥርዓት ደካማ ሆነ፣ ጠንካራው ደግሞ አግላይ ነበር። ከሁለቱ የሚሻለውን መምረጥ አልተቻለም፤ ማዳቀል ብቻ ነው የተቻለው።

በ1990ዎቹ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ የሚባል የጀርመን የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ገባ። ድርጅቱ ከማኅበረሰቡ ጋር የአስተዳደር ዕቅድ አወጣ፣ ስካውቶች ሠለጠኑ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ጓሳ በክልሉ ዘንድ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ታወቀ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገራችን ጥብቅ ቦታ ሲባል የለመድነው መንግሥት የሚከልለውን ፓርክ ነው፤ ነዋሪው ወይ ይወጣል ወይ ከውጭ ሆኖ ያያል። እዚህ ባለቤቱ ነዋሪው ነው። ማጨዱም በደንቡ ውስጥ አለ።

ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና የእግር መንገዱ

ለሣር የተጠበቀ ቦታ ሌላ እንግዳ ደብቆ ኖሯል። በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ጥቂቱም ጓሳ። ለቀበሮ ብሎ ጓሳን የከለለ አባት የለም። ግን ሣር ሲጠበቅ አይጥ ይኖራል፣ አይጥ ሲኖር ቀበሮ ይኖራል።

ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ ጭላዳን ሲከታተሉ ቆይተዋል። ካዩት ሁሉ የምወደው አንዱን ነው። ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ቀበሮው ቀስ ብሎ መሃላቸው ይገባል። አይሮጥም። ግልገል ጭላዳ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንኳ አይነካውም። ቢነካው በቃ፣ መንጋው ያባርረዋል፣ ቀኑ ተበላሸ። ጭላዳውም ለምዶት ዝም ይለዋል። እዚያ ሆኖ አይጥ ያድናል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ከሚሞክረው 67 ከመቶው ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 ከመቶው ብቻ። ምናልባት የጭላዳው ግጦሽ አይጦቹን እያስደነገጠ ስለሚያወጣ ይሆናል፣ ምናልባትም አይጡ ቀበሮውን ከመንጋው መለየት ስለሚያቅተው። በሰኔ 2001 ዓ.ም. ደግሞ አንበጣ ጓሳ ላይ ሲያርፍ እነዚሁ ሣር በል ጭላዳዎች አንበጣ እየለቀሙ ሲበሉ ታይተዋል። ሲገኝማ ማን ይጠላል!

ይህ ሁሉ ጎብኚ ይስባል። ለጎብኚ ደግሞ ማረፊያና መንገድ ያስፈልጋል። ማረፊያው የማኅበረሰቡ ነው፤ ቀለል ያለ ነው፣ ምግብ ይዞ መሄድ ይበጃል፣ ብርድ ልብስማ የግድ ነው። አስጎብኚውም፣ በቅሎ ጫኙም የአካባቢው ሰው ነው።

የእግር መንገዱን አዲስ የቀየሰው መሃንዲስ የለም። የሣር ተሸካሚው፣ የእረኛው፣ የገበያተኛው መንገድ ነው። በገደሉ ጠርዝ ይሄዳል፣ ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሃል ያልፋል፣ ጨፌውን ይዞራል። ለምን እንደሚዞር ሲገባችሁ የድሮ ሰው ያስደንቃችኋል። ሸክም የያዘ አህያ ረግረግ ውስጥ ከገባ አይወጣም፤ ስለዚህ መንገዱ ሁልጊዜ ደረቁን ጀርባ ይመርጣል። ያ ደግሞ ለውሃው የሚበጀው መንገድ ነው።

ጎብኚ ይህን አያውቅም። ጭቃ ሲያይ ወደ ጎን ይረግጣል። ሌላው የእሱን ፈለግ ይከተላል። የአንድ ሰው መንገድ የአምስት ሰው ይሆናል። ሣሩ ተረግጦ ሲሞት አፈሩ ይገለጣል፣ የክረምቱ ውሃ ያንን ቦታ ይመርጣል። በሁለት ክረምት መንገድ የነበረው ቦይ ነው። ቦዩ ጠልቆ ጨፌው ጋ ከደረሰ ደግሞ ጨፌውን ያደርቀዋል፣ ለበጋ የተያዘውን ውሃ በክረምት ያፈሰዋል። እግረኛው የበጋውን ምንጭ በጫማው አደረቀው ማለት ነው። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም።

መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፣ የእርከን ሥራ የሚያውቅ ገበሬ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከክረምት በፊት መንገዱ ላይ ሰያፍ ቦይ ማውጣት፣ ውሃው ሳይጠነክር ወደ ሣሩ እንዲወጣ። ጭቃ የሚበዛበት ጋ ድንጋይ መደርደር፣ ሰው ወደ ጎን እንዳይሄድ። ቦይ መሆን የጀመረውን ትንሽ ክትር ማሰር። የሁለት ቀን ሥራ ነው፣ ተራ ከወጣ። እዚህም ያው ጥያቄ ይመጣል። ተራ ወጥቶ ድንጋይ የሚደረድረው ሰው ከጎብኚው ብር ምን ይደርሰዋል? አስጎብኚና በቅሎ ጫኚ የሆነው ያገኛል። ከማረፊያው ርቆ፣ ከጓሳ ማዶ ያለው ቀበሌስ? በሣሩ ጊዜ ይህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ማጭድ ያለው ሁሉ ይገባል።

ስለ ውሻም አንድ ነገር። እረኛ ያለ ውሻ አይወጣም፣ ትክክል ነው። ግን ለቀይ ቀበሮ ትልቁ ገዳይ ከውሻ የሚመጣ የእብደት በሽታ ነው። ባሌ ላይ እብደቱ በተነሳባቸው ዓመታት ቀበሮው ረግፏል። ጓሳ ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል። ጎብኚ ሆኖ ውሻ ይዞ መምጣት ግን ምን የሚሉት ነው?

ፈተናው

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ ጎብኚ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። ሰው ለእግር ጉዞ ብሎ ወደ መንዝ የሚወጣበት ጊዜ አልሆነም።

ይህ የቱሪዝምን ነገር ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ላለፉት ሃያ ዓመታት ጥበቃ የሚባል ነገር ሁሉ «ጎብኚ ይመጣል፣ ገቢ ይገኛል፣ ማኅበረሰቡ ይጠብቃል» በሚል ስሌት ሲሰበክ ኖሯል። ጎብኚው ግን በሩቅ ተኩስ ሰምቶ ይቀራል። ሣሩ አይቀርም። ጓሳን 400 ዓመት ያቆየው ከአዲስ አበባም ከአውሮፓም የማይመጣ ጥቅም መሆኑ ለበጎ ነው። በክፉ ዓመት ዋጋው የሚጨምር ጥቅም ነው፤ ገብስ ሲጠፋ ሣር ይሸጣል ብያለሁ። የጎብኚ ብር የተገላቢጦሽ ነው፣ ክፉ ዓመት ሲመጣ ቀድሞ የሚሸሸው እሱ ነው። ስለዚህ የእግር መንገዱ ጭማሪ ይሁን እላለሁ፣ ምሰሶ አይሁን።

ግን ምሰሶውም እየተነካ ነው። የሚያሰጋኝ ቆርቆሮ ነው።

መንዝ ውስጥ ትንሽ ጥሪት የቋጠረ ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል። ማን ይፈርድበታል? የሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፣ ያፈሳል፣ እሳት ይፈራል። ገመዱንም ናይለን ተክቶታል። ገሳውን ፕላስቲክ። ጅራፉ ቀርቷል። አንድ በአንድ ጓሳን ዕቃ ያደረጉት ነገሮች ከገበያ በርካሽ ይመጣሉ። ማጭድ ይዞ የሚገባው ሰው ቢቀንስ ተራውን የሚጠብቀውም ይቀንሳል። አጫጁ ሲቀር ደግሞ የሚቀረው ባለ ከብቱ ነው። ያኔ መክፈቻው ቀን የሁሉም መሆኑ ቀርቶ ብዙ በግ ላለው ብቻ ይሆናል። አንድም በግ የሌላት መበለት ለማን ብላ ትጠብቅ? በሣሩ ዘመን እሷም በማጭዷ እኩል ነበረች።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ደንብ እንጂ ስብከት አይደለም። የግጦሹ ድርሻ በቤተሰብ ይቆጠር፣ በበግ ብዛት አይሁን። በግ የሌለው ድርሻውን ላለው ያከራይ። ይህ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መሬቱን በእኩል ያርሳል፣ በጉን በርቢ ይሰጣል። ከታች ባለው ሸለቆ በመስኖ የሚያለሙ ሰዎች ደግሞ አሉ። ውሃቸው የሚመጣው ከላይ ነው፣ ጓሳ ሲዘጋ ግን አንድ ሌሊት ተራ ወጥተው አያውቁም። እነሱ ወይ ለመንገዱ ክትር ድንጋይ ያመላልሱ፣ ወይ ከሽንኩርታቸው ላይ ለጠባቂው ይቁረጡለት። ኮሚቴው ይህን ሊጠይቃቸው መብት አለው፤ እስከ አሁን የውሃው ባለቤት ማን እንደሆነ ጮክ ብሎ የጠየቀ የለም እንጂ። ቀኑንም ከፈለጉ እዚያው ያገኙታል። ሐምሌ 5 ላይ ከብቱ ሲወጣ የሸለቆው ሰው ይውጣና ከደጋው ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይነጋገር።